የዘመን መኪናና የኦሞ አፈር

ሰው ከሦስቱ ጊዜያት፥ ካለፈው፥ ካለውና ከሚመጣው፥ በእጁ የያዘው መካከለኛውን ብቻ ነው። ዳሩ ግን ዓይኑ ከሁለቱ ዳርቻዎች አይነቀልም፤ ያለፈውን ይናፍቃል፥ የሚመጣውን ይፈራል። ይህ ናፍቆትና ይህ ፍርሃት በአንድ መጽሐፍ ተገናኝተው፥ መጽሐፉም ኋላ ወደ ሲኒማ ተለውጦ በዓለም የታወቀ ሆኗል። መጽሐፉ «የዘመን መኪና» ይባላል፤ ደራሲውም እንግሊዛዊው ሔርበርት ጆርጅ ዌልስ ነው። የዚህ መጽሐፍ ነገር ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ በኦሞ ወንዝ ዳር እስካለችው እስከ ኦሞራቴ ድረስ ቢመረመር፥ ያለፈ ዘመን የሚባለው ወዴት እንዳለና ወዴት እንደሌለ ያስተምራል።

መጽሐፉ የታተመው በ1887 ዓ.ም. (በአውሮጳ ቍጥር 1895) ነው። ስሙ ያልተነገረ አንድ ሊቅ ሰውን በዘመን ላይ የሚያስኬድ መኪና ሠርቶ፥ ወደ ፊት እየገሠገሠ እስከ 802,701 ዓመት ድረስ ይደርሳል። በዚያም የሰው ዘር ለሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል። ከምድር በላይ ያሉት ኤሎይ የሚባሉት ሥራ የማያውቁ፥ ፍሬ ለቅመው የሚበሉ፥ እንደ ሕፃናት የሚጫወቱ ደካሞች ናቸው። ከምድር በታች ያሉት ሞርሎክ የሚባሉት ደግሞ በጨለማ ውስጥ መኪና እያንቀሳቀሱ ይኖራሉ፤ ሌሊት ሲሆን ግን ወጥተው የላይኞቹን ይበላሉ። መንገደኛው ከፈረሰ ቤተ መዘክር ገብቶ ቢመለከት መጻሕፍቱ ሁሉ በስብሰው እንደ እላቂ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። ከዚያ ዘመን ይዞት የተመለሰው ሁለት ነጫጭ አበባዎችን ብቻ ነበረ። በማግሥቱ ትንሽ የፎቶግራፍ መሣሪያና ስንቅ መያዣ ይዞ ሁለተኛ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት አይቸገርም። ሰሙ መኪናውና ሩቁ ዘመን ነው፤ ወርቁ ግን ደራሲው የኖረበት የእንግሊዝ አገር ኑሮ ነው። የዌልስ እናት በአንድ ታላቅ ቤት የአገልጋዮች አዛዥ ነበረችና፥ ልጅየው ከምድር በታች ባለው የአገልጋዮች ክፍልና ከላይ ባለው አዳራሽ መካከል ያለውን ርቀት በልጅነቱ አይቶታል። ኋላም ከታወቀው የተፈጥሮ ሊቅ ከቶማስ ሐክስሊ ዘንድ ተምሮ፥ ፍጥረት በረጅም ዘመን እንዴት እንደሚለዋወጥ ሰማ። ሁለቱን አገናኝቶ፥ «ሠራተኛው ከታች፥ ባለጸጋው ከላይ ሆኖ ዘመን ቢረዝም መጨረሻው ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። እንግዲህ ስለ 802,701 የተጻፈው መጽሐፍ በእርግጥ የተጻፈው ስለ 1895 ነበረ።

ሲኒማው የተሠራው በ1952 ዓ.ም. (በአውሮጳ ቍጥር 1960) ነው። ሠሪው በሁንጋርያ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ጆርጅ ፓል፥ መንገደኛውን ሆኖ የተጫወተውም ሮድ ቴይለር ነው። በመጽሐፉና በሲኒማው መካከል ያለፉት 65 ዓመታት ሁለት የዓለም ጦርነቶችንና የአቶም ቦምብን ያመጡ ናቸው። ስለዚህ ሲኒማው ስለሚመጣው ዘመን የሚናገር ቢመስልም ልቡ ያረፈው በ1899 የመጨረሻ ሌሊት ላይ ነው፤ ቤቱን የሞላው የሰዓት ድምፅ፥ የወዳጆች ማዕድ፥ ቀይ ከፈይ የለበሰው የመኪናው ወንበርና የሚያብለጨልጨው ናስ ሁሉ የናፍቆት ሥዕል ናቸው። የዘመኑ ሩጫም በትንሽ ነገር ይታያል፤ ሻማው በቅጽበት ቀልጦ ያልቃል፥ ከመንገድ ማዶ ባለው ሱቅ መስኮት የቆመችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ልብስ ከወቅት ወደ ወቅት ይለዋወጣል። ለዚህ ጥበብ ሲኒማው የኦስካርን ሽልማት አግኝቷል።

የመጽሐፉ መንገደኛ በመካከለኛው ዘመን ሳይቆም ያልፋል፤ የሲኒማው መንገደኛ ግን በ1917፥ በ1940ና በ1966 ይቆማል፤ በሦስቱም ጦርነት ያገኛል። በ1966 እሳት ከሰማይ ወርዶ ከተማውን ሲያጠፋ ያያል። ሰዎችም ለሁለት የተከፈሉት ከጦርነት ሸሽተው ከፊሎቹ በዋሻ ስለ ቀሩ ነው ይባላል እንጂ፥ ስለ ሠራተኛና ስለ ባለጸጋ የሚነገር የለም። ስለዚህ ሲኒማው ሰሙን ጠብቆ ወርቁን ለወጠ። ፍጻሜውንም ለወጠ፤ መንገደኛው ወደ ኤሎይ ሲመለስ ከመጻሕፍቱ ሦስቱን መርጦ ይዞ ሄደ። የትኞቹ ሦስት እንደ ሆኑ ግን ሲኒማው ሳይናገር ለተመልካቹ ትቶታል።

ዌልስ መጽሐፉን ባሳተመበት ዘመን በእውነተኛው ዓለምም ከአውሮጳ ተነሥተው ወደማያውቁት አገር ሄደው፥ ሲመለሱ ያዩትን በማዕድ ዙሪያ የሚተርኩ መንገደኞች ነበሩ። የመጽሐፉም አተራረክ የእነርሱን ይመስላል። ከእነዚህ መንገደኞች አንዳንዶቹ ወደ ኦሞ መጥተዋል። በ1880 ዓ.ም. የሁንጋርያው ቆንት ቴሌኪ ኦሞ ወደሚገባበት ሐይቅ ደርሶ፥ በዳርቻው ብዙ ሕዝብ በየቋንቋው ስም አውጥቶለት ሲጠራው የኖረውን ውኃ በኦስትርያ አልጋ ወራሽ ስም «ሩዶልፍ» አለው። ዛሬ ቱርካና የሚባለው ይኸው ነው። ኢጣልያዊው ቪቶርዮ ቦተጎም የአገሩ ጦር በዐድዋ ድል በተነሣበት በዚያው በ1888 ዓ.ም.፥ በነሐሴ ወር፥ የኦሞን አፍ አገኘ፤ በሚከተለው ዓመት ግን በምዕራብ ኢትዮጵያ ተዋግቶ ሞተ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከከፋ ተነሥተው የዳግማዊ ምኒልክን ግዛት እስከዚያው ሐይቅ አደረሱት።

በዚያን ጊዜ በአውሮጳ የሰውን ዘር በደረጃ አሰልፎ፥ ከፊሉን የዛሬ፥ ከፊሉን የጥንት ዘመን ሰው አድርጎ የሚቈጥር ትምህርት ሰፍቶ ነበረ። በዚህ ትምህርት መሠረት ወደ ሩቅ አገር መሄድ ወደ ሩቅ ዘመን መሄድ ሆነ፤ መርከብና ግመልም የዘመን መኪና መሰሉ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ከጐብኚው ልብ ፈጽሞ አልወጣም።

ይሁን እንጂ በኦሞ እውነተኛ የዘመን መኪና አለ፤ እርሱም አፈሩ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ኦሞ ግን ማደሪያ አለው። ከባሕር የሚያደርሰው መውጫ ስለሌለው ከደጋው ያመጣውን ደለል ሁሉ በቆላው ሲያነጥፍ ኖሯል፤ ከእሳተ ገሞራ የሚወርደውም አመድ በደለሉ መካከል ገብቶ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርቧል። ሲኒማው ዓለም ትጠፋበታለች ያለው 1966 በደኅና አልፎ፥ በሚከተለው ዓመት፥ በ1959 ዓ.ም. ክረምት፥ የፈረንሳይ፥ የአሜሪካና የኬንያ ሊቃውንት ይህን መጽሐፍ ለማንበብ ወደ ታችኛው ኦሞ መጡ። ከኬንያ የመጡት፥ በሪቻርድ ሊኪ የሚመሩት፥ ኪቢሽ በተባለው ስፍራ የጥንት ሰዎችን የራስ ቅል አገኙ።

የዘመኑ አቈጣጠር እንዲህ ነው። በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለው የፖታስየም ዓይነት በታወቀ መጠን ጥቂት በጥቂት ወደ አርጎን ይለወጣል፤ የተከማቸው አርጎን ሲለካ አመዱ ከወደቀ ስንት ዘመን እንደ ሆነው ይታወቃል። በዚህ ስሌት በ1997 ዓ.ም. (በአውሮጳ ቍጥር 2005) የኪቢሹ ሰው 195,000 ዓመት ያህል ተብሎ ነበረ። በ2014 ዓ.ም. (በአውሮጳ ቍጥር 2022) ግን ከአጥንቱ በላይ የተነጠፈው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ የመጣ መሆኑ ተመርምሮ፥ ዕድሜው ከ233,000 ዓመት እንደማያንስ ተነገረ። ሹንጉራ በተባለው የዚያው አገር ክፍል ያለው ደለል ደግሞ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይቈጥራል። ዌልስ በሐሳቡ ወደ ፊት ከሄደው ይልቅ የኦሞ አፈር ወደ ኋላ የሚሄደው ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህም ዩኔስኮ በአውሮጳ ቍጥር 1980 የታችኛውን ኦሞ ሸለቆ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ግን የአፈሩን ዕድሜ ለሰዎቹ ከመስጠት ነው። ኦሞራቴ በኦሞ ምሥራቃዊ ዳር፥ ለኬንያ ወሰን ቀርባ የምትገኝ፥ ቀድሞ ቀለም ትባል የነበረች የዳሰነች ሕዝብ ከተማ ናት። ጐብኚዎች ከቱርሚ በመኪና መጥተው፥ ከግንድ በተጠረበ ታንኳ ወንዙን ተሻግረው፥ ለሚያነሡት ፎቶግራፍ ገንዘብ ከፍለው ይመለሳሉ። ብዙዎቹም «ወደ ጥንት ዘመን ደርሰን መጣን» ይላሉ። ነገር ግን ከሚያነሡት ሥዕል ውስጥ አንዱን ልብ ብለው ቢያዩት ይመልስላቸው ነበር፤ ከዳሰነች መካከል በራሳቸው ላይ የሚያደርጉትን ጌጥ ከጠርሙስ ቆርኪና ከተጣለ የእጅ ሰዓት የሚሠሩ አሉና። ቆርኪና የእጅ ሰዓት የጥንት ዘመን ነገሮች አይደሉም። ሰዓቱ ቢቆምም ያደረገው ሰው በዛሬው ቀን ይኖራል፤ ከዛሬው ፋብሪካ የወጣውንም እንደ ወደደ አድርጎ ጌጥ ያደርገዋል።

ይህን የሚመስል ሐሳብ በኢትዮጵያ በተሠራ ሲኒማም ታይቷል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በአማርኛ ቋንቋና በኢትዮጵያውያን ተዋንያን፥ በዳንኤል ታደሰና በሰላም ተስፋዬ፥ የሠራውና በ2007 ዓ.ም. (በአውሮጳ ቍጥር 2015) የታየው «ክረምብስ» ትርጓሜው ፍርፋሪ ነው። ይህ እንደ ዌልስ ከመጽሐፍ የተወሰደ አይደለም። ዓለም ከጠፋች በኋላ የቀሩ ሰዎች የላስቲክ አሻንጉሊትንና የዘፈን ሸክላን እንደ ክቡር ቅርስ ሲይዙ ያሳያል። የዛሬው ርካሽ ዕቃ ለሚመጣው ዘመን ሰው የናፍቆት ዕቃ ይሆናል ማለቱ ነው። በኦሞራቴ ግን ቆርኪው የናፍቆት አይደለም፤ የዛሬ ጌጥ ነው።

ነገሩ የክብር ብቻ ሳይሆን የኑሮም ነው። ዳሰነች ዘመኑን ሲቈጥር የኖረው በኦሞ ሙላት ነበረ፤ ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን አልብሶ ሲሸሽ በረጠበው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል፥ ከብቱም ሣር ያገኛል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፥ ቁመቱ 243 ሜትር የሆነው ሦስተኛው የጊቤ ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲያመነጭ ተሠርቶ ለከተሞች ብርሃንን ሰጥቷል፤ የታችኛውን ወንዝ የቀድሞ ሙላት ግን ለውጦታል። እንግዲህ የዳሰነች ጥያቄ ስለ ዘንድሮ ውኃ፥ ስለ ዘንድሮ ማሽላ፥ ልጁም ስለሚማርበት ቤት ነው። ይህን ሕዝብ እንደ ቤተ መዘክር ዕቃ የሚያይ ሰው ስለነዚህ አይጠይቅም። ትናንት ነው የተባለ ሕዝብ ስለ ነገው የሚጠይቀው የለምና።

የመጽሐፉ መንገደኛ በሁለተኛው ጉዞው የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዞ ሄደ፤ ሊያይና ያየውን ሊያስረዳ ነበረ። የሲኒማው መንገደኛ ግን ሦስት መጻሕፍት ይዞ ሄደ፤ ከሰዎቹ ጋር አብሮ ሊኖርና ሊሠራ ነበረ። ወደ ኦሞራቴ የሚወርደውም መንገደኛ፥ ከውጭ አገር ቢመጣ ወይም ከአዲስ አበባ፥ ከሁለቱ አንዱን ይመስላል።