በብርሃን የሚከናወን የፖሊመር ዶፒንግ

በብርሃን የሚከናወን ዶፒንግ፣ ኤሌክትሪክ እምብዛም የማያሳልፍ ስስ የፖሊመር ሽፋን ብርሃን በሚያስነሳው ኬሚካዊ ምላሽ ኤሌክትሮን እንዲያጣ ወይም እንዲቀበል ተደርጎ ጥሩ አስተላላፊ የሚሆንበት ዘዴ ነው። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1977 በአዮዲን ያሳዩት ሺራካዋ፣ ማክዲያርሚድና ሂገር በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። አስቸጋሪው ነገር ኃይለኛ የዶፒንግ ንጥረ ነገሮች ብዙውን ጊዜ አየር ሲነካቸው መበላሸታቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2024 የስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት መላ አቀረቡ። ሽፋኑ የአክሪዲኒየም ቀለምና ጨው በሟሙበት ፈሳሽ ተነክሮ ብርሃን ይበራበታል። ብርሃን የዋጠው የቀለም ሞለኪውል ከፖሊመሩ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ያንን ለአየሩ ኦክስጅን አስረክቦ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ስለሚመለስ ደግሞ ደጋግሞ ይሠራል። በፖሊመሩ ላይ የቀረውን ፖዘቲቭ ቻርጅ የጨው አኒዮን ያመጣጥነዋል። ማስተላለፊያነቱ በሴንቲሜትር ከ3,000 ሲመንስ በላይ ደርሷል። በኦክስጅን ምትክ ትራይኢታይልአሚን ሲገባ ተቃራኒው፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሚጨምረው ዶፒንግ ይከናወናል። ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት ርካሽና ደካማ ንጥረ ነገሮች ናቸው።

ሊንሾፒንግ ለኢትዮጵያ ሳይንስ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከኡለ ኢንጋኔስ ጋር ለፀሐይ ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮችን አጥንተዋል። ዘዴው በክፍል ሙቀት፣ ያለ ቫኪዩም መሥራቱ በተለይ ከዋና ከተማው ርቀው ላሉ፣ እንደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ላሉ ቤተ ሙከራዎች ትልቅ ትርጉም አለው፤ አየር የማያስገባ ውድ የናይትሮጅን ሳጥን ሳይጠበቅ ሙከራ መጀመር ይቻላል።