አዳር በቡና ጫካ፦ የአጎበር ታሪክና ቤት የሌለው እንቅልፍ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በበበቃ አካባቢ ቡና የሚለቀምባቸው ወራትና የወባ ስርጭት ከፍ የሚልባቸው ወራት በአመዛኙ አንድ ናቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቀዩ ፍሬ ይደርሳል፤ ውኃ በየጎድጓዳው ያቁራል፤ የወባ ትንኝም ትራባለች። ለቀማው ብዙ እጅ ስለሚጠይቅ በነዚሁ ወራት ከከፋ፣ ከከምባታ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች የቀን ሠራተኞች ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ብዙዎቹ የሚመጡት ወባ ብዙም ከማይታወቅበት ደጋና ወይና ደጋ ስለሆነ ሰውነታቸው በሽታውን አይለምደውም። ማደሪያቸውም ግድግዳ ያለው ቤት ሳይሆን በአራት እንጨት ላይ የተወጠረ ላስቲክ ወይም በቅጠል የተከደነ ዳስ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የወባ መከላከያ ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው ስለ መድኃኒትና ስለ ርጭት ነው። ከዚያው ታሪክ ውስጥ ግን ብዙ ያልተተኮረበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መከላከያው የተሠራው የት ለሚያድር ሰው ነው? የሚለው ነው። ጥያቄው ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ምድር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል።

ከአጎበር በፊት የነበረው ጥበብ

የደጋው አርሶ አደር የወባን መተላለፊያ ሳያውቅ መከላከያውን ያውቅ ነበር። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ቀን ወደ ቆላ ወርዶ አርሶ፣ ዘርቶና አጭዶ ሳይመሽ ወደ ደጋ መመለስ የቆየ ልማድ ነው። ንዳዱን የሚያመጣው የቆላው አየር ወይም ውኃ ነው ተብሎ ቢታመንም፣ በቆላ አለማደር የሚለው ጥንቃቄ ግን ትክክለኛ ነበር። የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነውና። ስለዚህ የኢትዮጵያዊው የመጀመሪያ አጎበር ከፍታ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ጥበብ የማይሠራለት ሰው ግን ሁልጊዜ ነበር። እህሉን ከከርከሮ፣ ከጃርትና ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ገበሬ ሌሊቱን እዚያው ማሳው ላይ ማደር ግድ ይለዋል። ለዚህም ማማ ይሠራል። ማማ በረጃጅም እንጨቶች ላይ የተረበረበ መኝታና በሣር ወይም በቅጠል የተከደነ ጣሪያ ያለው ማደሪያ ነው። ከመሬት ከፍ ስለሚል ከእርጥበት፣ ከእባብና ከአውሬ ያድናል፤ ጣሪያው ዝናቡን ይመልሳል። ከማማው ሥር የሚነደው እሳት ደግሞ በጭሱ ትንኞችን በመጠኑ ያርቃል። በቴፒ ዙሪያ ባለው ጫካ የሚኖሩትና ቀፎዎቻቸውን ከረጃጅም ዛፎች ላይ የሚሰቅሉት የመዠንገር ማኅበረሰብ አባላትም የጫካ አዳርን ከማንም በላይ ያውቁታል። በነዚህ ሁሉ ዘዴዎች ለዝናቡና ለመሬቱ መፍትሔ ተገኝቶላቸዋል። መፍትሔ ያጣው ትንኟ ብቻ ናት።

የትንኟ ምስጢር ሲገለጥ

መረብ ዘርግቶ መተኛት በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዘመን ስለ ግብፅ ሲጽፍ፣ በረግረጋማው ምድር የሚኖሩ ሰዎች ቀን ዓሣ ያጠመዱበትን መረብ ሌሊት በመኝታቸው ዙሪያ ዘርግተው ከትንኝ እንደሚጠበቁ ገልጿል። ይሁን እንጂ መረቡ ከንክሻ ማሳከክ ባሻገር ከሞትም እንደሚያድን የታወቀው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 የወባን ጥገኛ ተሕዋስ በአልጄሪያ ሳለ በሕሙማን ደም ውስጥ አየ። እ.ኤ.አ. በ1897 ሮናልድ ሮስ በሕንድ ተሕዋሱን በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ አገኘ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቹ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ መሆኗን አረጋገጡ።

ከዚህ በኋላ የተካሄደው ሙከራ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1900 ፓትሪክ ማንሰን ሁለት ሐኪሞችን፣ ሉዊ ሳምቦንንና ጆርጅ ሎውን፣ በሮም አቅራቢያ በኦስቲያ ወደሚገኝና በወባ ወደታወቀ ረግረጋማ ሥፍራ ላከ። ሐኪሞቹ በሮቹና መስኮቶቹ በወንፊት በተሸፈኑ አነስተኛ የእንጨት ቤት ውስጥ ተቀመጡ። ቀን እንደ ማንኛውም ሰው በአካባቢው ይዘዋወራሉ፤ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ግን ገብተው ይዘጋሉ። ኪኒን አልወሰዱም። የወባው ወቅት ሲያልፍ ጤነኛ ሆነው ወጡ። የደጋው ገበሬ ለዘመናት ሲያደርገው የኖረው በሳይንስ የተረጋገጠው በዚህ ዓይነት ነበር፤ ዋናው ነገር ሌሊቱ ነው። ሙከራው ግን አንድ ነገር እንደ ቀላል ወስዷል። ሰውየው የሚዘጋ በር ያለው ቤት እንዳለው አስቧል።

ተንጠልጣዩ አልጋ

ቤት ለሌለው እንቅልፍ የተሟላ መልስ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ክርስቶፎር ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሲደርስ ታይኖ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች በሁለት ምሰሶዎች ወይም ዛፎች መካከል በሚወጠር መረብ ላይ ሲተኙ አገኛቸው። ዛሬ ሀሞክ እየተባለ የሚጠራው ተንጠልጣይ አልጋ ስሙን የወሰደው ከነርሱ ቋንቋ ነው። የአውሮፓ መርከበኞች ቦታ ቆጣቢነቱን አይተው ወሰዱት፤ በጫካ የሚጓዙትም ከእርጥብ መሬትና ከተሳቢ እንስሳት ስለሚያድን ተጠቀሙበት። አሠራሩ ሲታይ ተጣጥፎ በከረጢት የሚያዝ ማማ ነው።

ይህ አልጋ ወባን ለመከላከል የተሟላ መሣሪያ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በደቡብ ፓስፊክ ደሴቶች የተሰለፈው የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 በውጊያ ከቆሰሉት በላይ በወባ የታመሙ ወታደሮች ነበሩት። ጦሩ ካቀረባቸው ዕቃዎች አንዱ የጫካ ሀሞክ ነበር። ከላይ ውኃ የማያስገባ ሸራ፣ በጎንና በጎኑ የትንኝ መረብ፣ መግቢያው ላይ ደግሞ ዚፕ ነበረው። ማማው፣ ጣሪያውና አጎበሩ በአንድ ዕቃ ተጠቃለሉ።

ጉድለቱም አብሮ ታየ። የተኛው ሰው ሰውነት ከመረቡ ወይም ከስሱ ጨርቅ ጋር ሲነካካ ትንኟ በዚያው አሳልፋ ትነድፋለች። ይህ ችግር የማንኛውም ተራ አጎበር ችግር ነው። መልሱ የተገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ መረቡን ትንኝ በሚገድል ፀረ ተባይ መድኃኒት በመንከር ነው።

ግድግዳ የሚፈልገው ዘመቻ

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የወባ መከላከል ሥራ የተስፋፋው ከታላቅ እልቂት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች ጭምር የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። በቀጣዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። ከዚያ አስቀድሞ በደምቢያ፣ በቆቦ፣ በአዋሽ ሸለቆና በጋምቤላ የተጀመሩት የሙከራ ሥራዎች መሠረት ሆኑት።

የዘመቻው ዋነኛ መሣሪያ ዲዲቲ ነበር። አሠራሩ የተመሠረተው በትንኟ ጠባይ ላይ ነው። ደም የጠገበች ትንኝ በግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ ግድግዳው ከተረጨ ትሞታለች። ዘዴው በብዙ ሥፍራ ሕይወት አትርፏል። ለላስቲክ ዳስና ለማማ ግን የሚረጭ ግድግዳ የለም። ከዚህም በላይ በአገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ በከፊል ከቤት ውጭ የምትነድፍና የምታርፍ ናት። ርጭቱ ካለፈ በኋላ ለለቀማው የሚቀለሱ ዳሶችም ከዘመቻው ውጭ ይቀራሉ።

የሰዎች ወደ ቆላ መውረድ በዚያው ዘመን እየጨመረ ሄደ። በበበቃ ከ10,000 ሄክታር በላይ፣ በቴፒ ደግሞ ከ6,000 ሄክታር በላይ ይዞታ ያላቸው የቡና ልማቶች በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ሆነው ብዙ ሠራተኛ ይጠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1986 በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራምም 600,000 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከሰሜኑ ደጋ፣ ወደ ከፋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላና ወለጋ ተወሰዱ። ቤት ሳይሠሩ ዝናቡና ወባው የደረሰባቸው ጥቂቶች አልነበሩም።

ለቤት የተቆጠረ አጎበር

በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ጥቅሙ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአፍሪካ በተደረጉ ጥናቶች ተረጋገጠ። ውጤታቸው በአንድነት ሲመዘን የሕፃናትን ሞት በ17 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ታየ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ባለው ጊዜ 20 ሚሊዮን ያህል አጎበሮችን አሰራጨች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ አጠቃቀሙን አስተማሩ። በአገሪቱ የሕዝብ ጤና ታሪክ ከታላላቆቹ ሥራዎች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ አጎበሩ የተቆጠረው በቤተሰብ ነው። ቡና ለቃሚው በመዝገብ ላይ የሚገኘው ደጋ ባለው ቤቱ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ወባማ ካልሆነ አጎበር አይደርሰውም። ቢደርሰውም ለልጆቹ ትቶት ይወርዳል። ይዞት ቢወርድም አራት ማዕዘን ያለው አጎበር አራት መንጠልጠያ ይሻል፤ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ በሚተኛበት ዳስ ውስጥ መስቀያው አይገኝም፤ ዝናብና ጭቃም ቶሎ ይጨርሰዋል።

ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው አገሮች ወደ ተንጠልጣዩ አልጋ ተመልሰዋል። በማዕከላዊ ቬትናም ኒን ቱዋን ክፍለ ሀገር ገበሬዎች በጫካ ውስጥ ባለ ማሳቸው ያድሩ ስለነበር የቤት አጎበር ብቻውን አላዳናቸውም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በተደረገ ጥናት ለረጅም ጊዜ በሚያገለግል መድኃኒት የተነከረ መረብ ያለው ሀሞክ ተሰጣቸው፤ ሀሞኩን ባገኙት መንደሮች ወባ ካላገኙት በበለጠ ቀነሰ። በሴራሊዮን የስደተኞች መጠለያዎች ደግሞ የዝናብ መከላከያው ላስቲክ ራሱ መድኃኒት ተዋሕዶት ተሠርቶ ተፈተነ፤ በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ወባ እንደሚቀንስም ታየ። ሁለቱም የሚያስተምሩት አንድ ነው፤ መከላከያው ሰውየውን መከተል አለበት።

አጎበር የማይደርስበት ቀን

የጫካው ሠራተኛ አደጋ ከሌሊት ጋር አያበቃም። በደቡብ ምዕራብ በሚገኙ ፈጣን ወንዞች የምትራባው ጥቁር ዝንብ የምትነድፈው በቀን ነው፤ ኦንኮሰርካይሲስን ታስተላልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2001 በከፋና በሸካ የተጀመረው የሜክቲዛን እደላ በኅብረተሰቡ ተሳትፎ የሚካሄድ ሲሆን፣ ለዓመታት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሠራተኛ ግን እደላው በሚካሄድበት ቀን ላይገኝ ይችላል።

ቢጫ ወባም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰዎችን አሳሞ 30,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ዋነኛዋ አስተላላፊ ትንኝ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚያቁር ውኃ የምትራባና በቀን የምትነድፍ ናት። ለዚህ መልሱ ክትባት ነው።

ለጤና ባለሙያው የሚቀረው

እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 900,000 ወርዶ የነበረው የወባ ሕሙማን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። ከ1,100 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ የሰላም መደፍረስ፣ ትንኟና ተሕዋሱ መድኃኒት መላመዳቸው፣ በከተማ የምትራባዋ አኖፌለስ ስቴፈንሲ መግባቷ ተጠቃሾች ናቸው። የሰው ከቦታ ቦታ መዘዋወርም ከነርሱ ተለይቶ አይታይም።

ከታሪኩ የሚወጣው ትምህርት ውድ ዕቃ አይጠይቅም። አጎበር ለለቃሚው በቅጥር ጊዜ በራሱ ስም ቢሰጥ፣ በአንድ ገመድ የሚሰቀል ቢሆን፣ የዳሱ ላስቲክና አጎበሩ አብረው ቢታሰቡ የቬትናሙ ልምድ በአገር አቅም ይተረጎማል። ወደ ቀዬው ከመመለሱ በፊት ትኩሳት ያለበት ሠራተኛ ደሙ ቢመረመርና ቢታከም ተሕዋሱ ወደ ደጋው አብሮት የመሄዱ ዕድል ይቀንሳል። የቢጫ ወባ ክትባቱና የሜክቲዛን መጠኑም በዚያው አጋጣሚ ሊጣሩ ይችላሉ።

በሚዛን ተፈሪም ሆነ ለቃሚው በሚመለስበት የደጋ ጤና ጣቢያ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሕሙም ስሙ፣ ዕድሜውና ቀበሌው ይጠየቃል። ቀበሌው ግን የሚነግረው የተመዘገበበትን ቤት ነው። ላለፉት ሁለት ሳምንታት ሌሊቱን የት እንዳደረና በምን ሥር እንደተኛ መጠየቅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ለበሽታው ምንጭም ሆነ ለቀጣዩ መከላከያ ፍንጭ የሚገኘው ከዚያ መልስ ነው።