ፕሪቬንት ዲፌንስ

በአሜሪካ ፉትቦል፣ ጨዋታው ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው እየመራ ያለ ቡድን፣ ኳስ አቀባዩን የሚያስጨንቁትን ሰዎች ወደ ሦስት ያህል ቀንሶ የቀሩትን ወደ ኋላ በማራቅ፣ አጭሩን ቅብብል ለባላጋራው እየተወ ረጅሙን የሚከለክልበት ሥርዓተ መከላከል ነው። መሠረተ ሐሳቡ፣ ባላጋራው ጥቂት ያርድ ቢያተርፍም ከጊዜው የበለጠ ይከስራል የሚል ሲሆን፣ የነጥቡ ልዩነት ሰፊ ከሆነ በእርግጥ ይሠራል፤ ተመልካች ግን የከሸፈውን እንጂ የሠመረውን ስለማያስታውስ፣ ዘዴው ከሚገባው በላይ ይነቀፋል። ባላጋራው ሰዓት የማስቆም መብት (ታይም አውት) ሲኖረውና በፊልድ ጎል የሚገኘው ሦስት ነጥብ ብቻ ሲበቃው ግን ነቀፋው እውነት ነው።

ለዚህ ዓይነተኛው አብነት ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ የተደረገው የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ ነው፤ ቡፋሎ ቢልስ 36 ለ33 እየመራ፣ 13 ሰከንድ ሲቀር ተከላካዮቹን አርቆ ቢያቆም፣ ሦስቱንም ታይም አውት ያልነካው ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ፣ ኳስ አቀባዩ ፓትሪክ መሆምስ ለታይሪክ ሂል ባቀበለው ኳስ 19፣ ለትራቪስ ኬልሲ ባቀበለው ደግሞ 25 ያርድ ገፍቶ፣ ከ49 ያርድ በተመታ ፊልድ ጎል አቻ ከሆነ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት 42 ለ36 ረታ። በተጨማሪው ሰዓት ቡፋሎ ኳስ ሳይነካ መሸነፉ ብዙ ክርክር ስላስነሣ፣ ሊጉ በዚያው ዓመት መጋቢት የጥሎ ማለፉን የተጨማሪ ሰዓት ደንብ ለወጠ።