ከስንቅ ወደ ምግብ ቤት፦ ከተማ ስንገባ የት እንብላ?

ከማኅበራችን አባላት መካከል ለሕክምና፣ ለሥልጠና ወይም ለዕቃ ግዢ ብላ አዲስ አበባ ያልሄደች ጥቂት ናት። ከሮብ ገበያ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነው። ስንደርስ የሚቀድመው ጥያቄ «የት እንብላ?» የሚል ነው። በአንድ መንገድ ዳር አሥር ምግብ ቤት ተደርድሯል፤ ከባለቤቶቹ ግን የምናውቃት አንዲትም የለችም። ይህ ጥያቄ ለአያቶቻችን እንግዳ ነበር። ከየት እንደመጣ ማወቁ ደህና ቤት ለመምረጥ ይረዳናል። ምግብ ሸጠው ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ አባሎቻችንም የሥራቸውን ክብር ያስታውሳል ብለን ይህን ጽፈናል።

በድሮው ዘመን መንገደኛ ስንቁን ቋጥሮ ይወጣ ነበር። በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ ሁሉ ለመንገድ ተብሎ የተዘጋጀ የሴት እጅ ሥራ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ወይም ሲመሽበት ደጃፍ ላይ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል። የቤቱ እመቤት እግሩን አሳጥባ፣ ያላትን አቅርባ ታሳድረዋለች። ለዚህ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነበር፤ እንግዳውም ገንዘብ ላውጣ ቢል እንደ ስድብ ይቆጠርበት ነበር። ያን ጊዜ የማዕዱ ዋስትና የእመቤቲቱ ስም ነው። ጎረቤት ያውቃታል፣ ቄሱ ያውቃታል፤ ለእንግዳ የተበላሸ ነገር ብታቀርብ ወሬው አገር ያዳርሳል።

በገበያ ቦታ ግን ጠላና አረቄ እየሸጡ የሚያድሩ ሴቶች ነበሩ። በእንጨት ጫፍ ላይ ተደፍቶ የሚታየው ጣሳ ዛሬም «እዚህ ጠላ አለ» ይላል። ለማያውቅ ሰው የተተከለ ምልክት ነውና የዛሬው የምግብ ቤት ሰሌዳ ታናሽ ወንድሙ ነው ማለት ይቻላል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ከአራቱም ማዕዘን ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ ባለጉዳዩ፣ የውጭ አገር ሰውም ገባ። ስንቅ ለአንድ ሳምንት እንጂ ለዓመት አይሆንም፤ የማያውቁትን ሁሉ ማሳደርም አይቻልም። የቤተ መንግሥቱን ግብርና ሰፊ ጓዳ ያስተዳድሩ የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ይህን አይተው በ1890ዎቹ ማብቂያ ላይ ሆቴል አቋቋሙ። ዛሬም ፒያሳ ላይ በስማቸው ይጠራል፤ በጥር 2007 ዓ.ም. ከፊሉ በእሳት ቢጎዳም ቤቱ ሥራውን ቀጥሏል።

በመጀመሪያ አበሻው ወደ ሆቴሉ ለመግባት አፍሮ ነበር ይባላል። እንጀራ በገንዘብ ገዝቶ በሰው ፊት መብላት እንዴት ይሆናል? አጼ ምኒልክ መኳንንታቸውን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳቡን ከፍለው ሲወጡ ነው ሰው የደፈረው እየተባለ ይተረካል። እኛ በዚህ ትረካ ውስጥ ደስ የሚለን የንጉሡ መክፈል ብቻ አይደለም። ወጥ የመሥራት ሙያ ዋጋ እንዳለው በአደባባይ ያሳዩት አንዲት ሴት መሆናቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ሁሉ ግን ክብር አልነበረም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ፓስታና ማካሮኒ፣ ማኪያቶም ከነስማቸው ገቡ፤ በከተማው የጣሊያን ምግብ የሚያቀርብ ቤትም በረከተ። በጓሮ በኩል ግን እንጀራ የምትጋግረው፣ ወጥ የምትሠራው፣ ጠላ የምትጠምቀው ከገጠር የመጣች ሴት ነበረች። ብዙዎቹ ትዳር ፈርሶባቸው፣ መሬት አጥተው የመጡ ናቸው። መጠጥ ስለሸጠች «ኮማሪት» ተብላ ተንቃለች። በሷ ጠላ የሚስቅና በሷ ወጥ የሚጠግብ ሰው ልጁን ለልጇ ለመዳር ያመነታ ነበር። ይህ ንቀት ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም፤ ከኛም መካከል የቀመሰችው አለች።

ባሕር ማዶ ደግሞ ሌላ ታየ። በ1970ዎቹ መባቻ በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ «ማማ ደስታ» የተባለ ምግብ ቤት ተከፈተ። ስሙ የወጥ ሠሪዋ የወይዘሮ ደስታ ባይሩ ስም ነው። በዚያ የእንግዳ አገር የወጥ ሠሪዋ ስም በር ላይ ተጻፈ፤ አያቶቻችን በስም ያምኑ የነበረው ዋስትና በሰሌዳ ተመለሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ትልቅ ከተማ ስንገባ የምንፈልገው ያንኑ ዋስትና ነው። እመቤቲቱን ስለማናውቃት ምልክቷን እናንብብ።

አንደኛው ምልክት የጾም ማዕድ ነው። የኛ ገበያ የሚውለው ረቡዕ ስለሆነ ሽሮና ምስር ለገበያተኛ ማቅረብ እናውቅበታለን። በከተማም ረቡዕና ዓርብ በምሳ ሰዓት በሠራተኛ የሚሞላ ቤት መልካም ነው። በየዓይነቱ ብዙ ድስት፣ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ተመጋቢ የሚበዛበት ቤት ደግሞ ወጡ አያድርም።

ሁለተኛው ሥጋ ነው። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ስለሚወዱ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ዛፉ በኛው በጮቄ ደጋ ይበቅላል። ከብቱ በባለሙያ እንዲመረመር ማድረግ ከኮሶ ይሻላል። የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት በ1949 ዓ.ም. የተቋቋመው ለዚህ ነው። ሥጋ ቤት ስንገባ በሥጋው ላይ ማኅተም እንይ፤ ማኅተም ከሌለው ጥሬውን ትተን በደንብ የበሰለ እንኳ ቢሆን ሌላ ቤት እንፈልግ።

ሦስተኛው እንጀራው ነው። ጀሶ ወይም ሰጋቱራ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ የሚል ዜና ከአዲስ አበባ ተደጋግሞ ተሰምቷል። እኛ የጎጃም ሴቶች ጤፍን በእጃችን እናውቀዋለን፤ ከመጉረሳችን በፊት እንየው፣ እናሽትተው። «እንጀራው እዚሁ ነው የሚጋገረው?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም። ደህና ቤት ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

አራተኛው ውሃና ሳሙና ነው። እግር ማሳጠብ ቢቀር እጅ ማስታጠብ ሊቀር አይገባም። የእጅ መታጠቢያው ውሃ ከሌለው የወጥ ቤቱም ውሃ ያጠራጥራል።

አምስተኛው ሒሳብ ነው። ዋጋው በግልጽ የተጻፈበትን ቤት እንምረጥ። በዝርዝሩ ላይ ካለው ዋጋ ሌላ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚጨምር ቤት ስላለ ከማዘዛችን በፊት እንጠይቅ፤ ስንከፍልም ደረሰኝ እንቀበል። ያማረ ወንበርና የደመቀ መብራት ከነዚህ ከአምስቱ አንዱንም አይተኩም።

እነዚህ ምልክቶች ለተመጋቢ ብቻ አይደሉም። ሮብ ገበያ ላይ በገበያ ቀን ምግብ ለምታቀርብ እህታችንም ያገለግላሉ። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ገበያተኛ እሷን አያውቃትም፤ እኛ አዲስ አበባ ላይ እንደምንሆነው እሱም እዚህ እንግዳ ነው። በበሯ ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካንና ሳሙና ብታኖር፣ ዋጋዋን በካርቶን ላይ ብትጽፍ፣ ስሟንም ከዋጋው በላይ ብትጽፈው፣ የእመቤት ዋስትናዋን ለማያውቃት ሰው ሰጠች ማለት ነው።

ደጋፊዎቻችንም ወደ ሮብ ገበያ ስትመጡ ስንቅ አትያዙ። ስሟ ተጽፎ ካያችሁት ቤት ገብታችሁ ብሉ፤ ሒሳቡንም ሙሉውን ክፈሉ።