ከብሔራዊ ቡድን በፊት ደመወዝ፦ የሎዛ አበራ የእግር ኳስ ሕይወትና «የወንዶች ክልል» የተባለው ንድፈ ሐሳብ

በኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ ላይ ሰሎሞን አዲስ ጌታሁን እ.ኤ.አ. በ2009፣ ካትሪን ብሮምበር ደግሞ በ2022 ያሳተሟቸው ሥራዎች መሠረት የጣሉ በመሆናቸው እዚህ የሚያከራክር ነገር የለባቸውም፤ የዚህ መጣጥፍ ሙግት ኬኔት ሺርድና ኤሪክ ደኒንግ በ1973 ካሳተሙት ጽሑፍ ጋር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱ ሶሲዮሎጂስቶች የእንግሊዝን የራግቢ ክለብ «የወንዶች ክልል» አሉት፤ ይህም ወንዶች ከሴቶች ተለይተው የሚሰባሰቡበትና ወንድነታቸውን በጉልበት፣ በመጠጥና በብልግና ዘፈን የሚያጸኑበት ማኅበራዊ ስፍራ ማለት ነው። ክልሉ የተጠናከረው ሴቶች የመብት ጥያቄ ማንሳት በጀመሩበት ዘመን እንደሆነና የላላውም የሴቶች ማኅበራዊ ደረጃ ከፍ እያለ በመሄዱ እንደሆነ ያስረዳሉ። በዚህ ትረካ ውስጥ ሴት የዘፈኑ ዒላማ ወይም የክለቡ ዳንስ እንግዳ ሆና ትታያለች፤ ኳስ ይዛ ስትሮጥ ግን አትታይም።

ይህ ክፍተት የተፈጠረው ማስረጃ ጠፍቶ አይደለም። ኤሚሊ ቫለንታይን በሰሜን አየርላንድ ኤኒስኪለን ከተማ በሚገኘው ፖርቶራ ትምህርት ቤት በ1887 ገና በልጅነቷ ከወንድሞቿ ጋር መሰለፏንና ነጥብ ማስቆጠሯን በማስታወሻዋ ጽፋ አልፋለች። በታኅሣሥ 1917፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወንዶቹን ወደ ግንባር በወሰደበት ወቅት፣ የካርዲፍና የኒውፖርት ሴቶች በካርዲፍ አርምስ ፓርክ ተጋጥመዋል። ሺርድና ደኒንግ የመረመሩት ባህልን እንጂ የሜዳ ተሳትፎን አይደለም የሚል መከላከያ ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ክልል የሚናገር ንድፈ ሐሳብ ክልሉን የተሻገሩትን ሳይቆጥር ወሰኑን ማስመር አይችልም።

ከዚህ የሚከፋው ጉድለት ግን ሌላ ነው፤ ንድፈ ሐሳቡ ደመወዝ ማን እንደሚከፍል አይጠይቅም። የሴቶች ራግቢ የመጀመሪያው ብሔራዊ ግጥሚያ በ1982 በዩትሬክት በኔዘርላንድስና በፈረንሳይ መካከል ተካሂዷል። በ1991 በዌልስ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ተጫዋቾች ወጪያቸውን በአብዛኛው ከኪሳቸው ሸፍነዋል፤ የሶቪየት ኅብረት ቡድንማ የውጭ ምንዛሬ ስላልነበረው ይዞት የመጣውን ቮድካ ለመሸጥ ተገድዷል። እንግሊዝ በአሥራ አምስት ተጫዋች ለሚደረገው ራግቢ 28 ሴቶችን በሙሉ ጊዜ ውል የቀጠረችው በ2019 ነው። የራግቢ ሴቶች እንግዲህ አስቀድመው የአገራቸውን መለያ ለበሱ፤ ደመወዝ የመጣው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ራግቢ በኢትዮጵያ ሥር ስላልሰደደ ለንጽጽር የሚቀርበው የእግር ኳስ ተጫዋች ሕይወት ነው። በከምባታ ዱራሜ የተወለደችው አጥቂ ሎዛ አበራ ወደ ሐዋሳ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ደደቢት ተዛወረች፤ በሊጉም ከአንድ ጊዜ በላይ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆናለች። በስዊድኑ ኩንግስባካ ቆይታ ከተመለሰች በኋላ ለአዳማ ከተማ ተጫወተች፤ በ2019/20 ደግሞ ለማልታው ቢርኪርካራ 30 ግቦች አስቆጥራ፣ ተመልሳ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ተቀላቀለች። ሐዋሳና አዳማ ከከተማ አስተዳደር፣ ንግድ ባንክ ደግሞ ከመንግሥት ባንክ ጋር የተያያዙ ክለቦች ናቸው። በእነዚህ ክለቦች ውስጥ ሴት ተጫዋች በፊርማ ተቀጥራ የወር ደመወዝ የምትቀበል ሠራተኛ ናት፤ ለመግባትም የማንንም የመጠጥ ማኅበር በር ማንኳኳት አላስፈለጋትም።

የብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ይህንኑ ያጠናክራል። ሉሲዎቹ የሚባሉት የኢትዮጵያ ሴቶች በ2004 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ሆነው ቢያጠናቅቁም፣ ከ2012 በኋላ እስከ 2024ቱ ውድድር ድረስ ለአፍሪካ ዋንጫ ማለፍ አልቻሉም። ስለዚህ የዚህን ትውልድ ምርጥ አጥቂ ለውጭ ተመልካች ያሳያት አህጉራዊው መድረክ ሳይሆን የክለብ ውል ነው፤ ይህም የራግቢው ቅደም ተከተል ግልባጭ ነው። ከአንዲት ተጫዋች ሕይወት ተነስቶ ስለ ሁሉም መደምደም ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ አይካድም፤ ሆኖም የቅደም ተከተሉ መገልበጥ በአጋጣሚ ሊብራራ አይችልም። የሴቶች ክፍያ ከወንዶቹ ያነሰ ነው የሚለው ተቃውሞም እውነት ቢሆን ስለ መጠን ይናገራል እንጂ የቱ እንደቀደመ አይነካም።

ሎዛ በ2024 ወደ ዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ስትዛወር፣ ጋዜጦች የተረኩት ከዱራሜ እስከ አሜሪካ ያለውን የጽናት ጉዞ ነው። ጽናቷ የሚያጠራጥር አይደለም፤ ነገር ግን ጽናት ብቻውን በየወሩ ቀለብና የቤት ኪራይ አይከፍልም። እስካሁን በአግባቡ ያልተመረመረው ምንጭ የክለቦቹ የቅጥር ውልና የደመወዝ መዝገብ ሲሆን፣ ከእሷ ጋር በአንድ የደመወዝ ሰነድ ላይ ፈርመው ከአገር ሳይወጡ ጫማ የሰቀሉት ተጫዋቾች ታሪክም የሚገኘው እዚያው ነው።