በሰርቨር ላይ የሚጻፉ የቅጽ ታጎች አመጣጥ

በድረ ገጽ ላይ ስምና አድራሻ የሚሞላበት ቅጽ ለተመልካች ቀላል ነገር ይመስላል። እኛም ይህን ጥናት ስንጀምር እንደዚያው መስሎን ነበር። ነገር ግን ዋናው ችግር ቅጹን ማሳየት ሳይኾን፤ ሰው ተሳስቶ የላከውን ቅጽ፤ የሞላው ሳይጠፋበት እንዲያርመው መልሶ ማቅረብ እንደ ነበረ ተረዳን። (ዓመታቱ ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የተላከውን ቅጽ ለፕሮግራም የሚያቀብለው ሲጂአይ የተባለው ሥርዐት ከ1993 ጀምሮ ይሠራበት ነበር። ቲም በርነርስ ሊና ዳን ኮኖሊም በኅዳር 1995 ባወጡት የኤችቲኤምኤል 2.0 ደንብ ውስጥ ቅጽን ጨምረው ጻፉ። በዚያን ጊዜ ፕሮግራመሩ ገጹን መስመር በመስመር ከፕሮግራሙ ውስጥ ያትም ነበርና፤ አንዲት ሣጥን ለመጨመር እንኳ ፕሮግራሙን መንካት ግድ ይኾንበታል። ሊንከን ስታይን ለፐርል ቋንቋ የሠራው መሣሪያ ቀድሞ የተሞላውን በየሣጥኑ ይመልስ ስለ ነበረ፤ የኋለኞቹ ታጎች አባት እርሱ ነው ብንል አንሳሳትም።

በ1995 የወጡት ኮልድፊውዥንና የራስሙስ ሌርዶርፍ ፒኤችፒ ነገሩን ገለበጡት፤ ይኸውም ገጽ በፕሮግራም ውስጥ መኾኑ ቀርቶ ፕሮግራም በገጽ ውስጥ ገባ። በ1999 ደግሞ ጄኤስፒ 1.1 ፕሮግራመሮች የራሳቸውን ታግ እንዲፈጥሩ ፈቀደ። ክሬግ ማክላናሃን በ2000 ለአፓቺ ያበረከተው ስትራትስ በዚህ ተጠቀመ። ጸሓፊው በታጉ ላይ የመረጃውን ስም ብቻ ያመለክታል፤ ሰርቨሩ ዋጋውን ፈልጎ ተራውን የኤችቲኤምኤል ሣጥን ጽፎ ይልካል። ብራውዘሩ ታጉን ከቶ አያየውም።

በየካቲት 2000 ሰርት የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ጥበቃ ማዕከል፤ ሰው የላከውን ጽሑፍ ሳያጣሩ በገጽ ላይ መመለስ ለክፉ ኮድ በር እንደሚከፍት አስጠንቅቆ ነበር። የስትራትስ የጽሑፍ ሣጥን ታግ አደገኞቹን ምልክቶች ራሱ ይለውጣል፤ ፕሮግራመር ግን ይረሳል።

በእኛ አስተያየት ከኹሉ የሚደነቀው የምልክት ማድረጊያዋ ሣጥን ጉዳይ ነው። ምልክት ያልተደረገባትን ሣጥን ብራውዘሩ ጨርሶ አይልካትም፤ ስለዚህ ሰርቨሩ «አይደለም» የሚለውን ከ«አልተጠየቀም» ሊለይ አይችልም። ስትራትስ ይህን ለፕሮግራመሩ ጥንቃቄ ተወው። በ2006 የወጣው ስፕሪንግ 2.0 ግን ከሣጥኗ ጎን፤ በስሟ ፊት የታች ሰረዝ የተጨመረበት ስውር ሣጥን በታጉ አማካይነት አብሮ ይጽፋል፤ ሣጥኗ በገጹ ላይ እንደ ነበረች ሰርቨሩ በዚህ ያውቃል።

የእኛን ፊደል የሚነካም አለ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። የጃቫ ሰርቨሮች ግን ካልተነገራቸው በቀር የመጣውን ኹሉ እንደ ላቲን ፊደል ያነቡ ነበርና፤ በአማርኛ የተሞላ ስም የማይነበብ ምልክት ኾኖ ይመለሳል። ታጉም የተበላሸውን በታማኝነት በሣጥኑ ውስጥ ይሞላዋል! በ2001 የጸደቀው ሰርቭሌት 2.3 የፊደሉን ዐይነት ለመንገር የሚያስችል ትእዛዝ አመጣ። ትእዛዙ ከቅጹ አንዲት ቃል ከመነበቧ በፊት ካልተሰጠ ግን ምንም አይፈይድም።