ያዘነበለው ሐውልት

በእኛ በአጅባርና በመካነ ሰላም አካባቢ በዋልካ አፈር ላይ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ግድግዳ ሲጣመም የሚመረመረው ቆርቆሮው ሳይሆን መሠረቱ ነው።

አክሱም ስንሄድም የምናየው ይህንኑ ነው። ከሐውልቶቹ ትልቁ 33 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ዛሬ ግን ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። ብዙ ተመራማሪዎች ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ እንደ ወደቀ ያምናሉ፤ ለዚያ ሁሉ ቁመት ወደ መሬት የገባው ግርጌው እጅግ አጭር ነበር። በንጉሥ ኢዛና ስም የሚጠራው፣ 21 ሜትር ገደማ የሚሆነው ሐውልት ግን አልወደቀም፤ ሆኖም አዘንብሏል። ከሮም የተመለሰው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2008 አጠገቡ ሲተከል፣ ይህኛው እንዳይናጋ በብረትና በገመድ ደገፉት።

መደገፍ ግን ማቃናት አይደለም። ያዘነበለ ነገር እንዴት እንደሚቃና ከኢጣሊያው የፒሳ ደወል ቤት እንማራለን። ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1173 ተጀመረ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ለስላሳው አፈር ከሥሩ ሰመጠ። ጦርነት ሥራውን 100 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አቋረጠው። ያ መዘግየት አፈሩ እንዲጠቀጠቅ ዕድል ሰጥቶ ግንቡን ከመውደቅ አዳነው። በኋላ የመጡት ግንበኞች ዝንባሌውን ሊያስተካክሉ የላይኞቹን ፎቆች በአንድ ወገን ከፍ አድርገው ሠሩ፤ ግንቡ ግን ክብደት ጨምሮ ይበልጥ አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ለጎብኚዎች ተዘጋ። መሐንዲሶች መፍትሔውን ያገኙት ከታች ነው፤ ካዘነበለበት በተቃራኒ፣ ከፍ ብሎ ከቆመው ጎን ሥር አፈር በጥቂት በጥቂቱ አወጡ። ግንቡ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2001ም እንደገና ተከፈተ።

እኛ አገልጋዮችስ? ወንድማችን ሲያዘነብል እያየን አገልግሎት ጨመርንበት፤ በሰው ፊት ቀጥ ብሎ እንዲታይ መድረክ ሰጠነው። ስለ ጸሎቱ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልቡ ግን አልጠየቅነውም። ሲወድቅ የተገረምነውም፣ ያወራንበትም እኛው ነን። ጌታ ይቅር ይበለን።

በሉቃስ 6 ጌታ የተናገረለት ሰው የተመሰገነው ቤቱን ስላሳመረ ሳይሆን አጥልቆ ስለ ቆፈረ ነው። መንፈስ ቅዱስም ብዙ ጊዜ ከታች ይሠራል፤ ከፍ ብሎ ከቆመብን ትዕቢት ሥር በጥቂት በጥቂቱ ያነሣል። ያማል፣ ይዘገያል፤ ግን ያቃናል።

ዛሬ ያዘነበለ ወንድም ወይም እህት ብናውቅ፣ እንዳይወድቅ መጀመሪያ እንደግፈው፤ ከዚያም አብረነው ወደ መሠረቱ እንውረድ። ጸጋው ይብዛላችሁ።